ምክትል የጠፋለት እጩ

ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ፓምፑ ቆሞ ውሃ ወደ ላይ መውጣት ካቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የድሮው ሊቀመንበር ስልክ አያነሳም።

ሀብተ ማርያም ስብሰባ አይወድም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄዶ ኳስ እያየ ነበር። ለስብሰባው ሚስቱ ወይዘሮ እንዳለች ልጇን አዝላ ወርዳ፣ አዝላ ወጣች። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው።

«ለሊቀመንበርነት ከኛ ቤት ጠቆሙ» አለችው ሲገባ። «እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከነምክትል መመዝገብ ነው። ካልሆነ የድሮው ይቀጥላል። ውሃም የለም።»

ሀብተ ማርያም ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተለጠጠ።

«አሁን ገና ሰው መለየት ጀመሩ» አለ።

«ለምክትል ሀሚዳ እንዴት ናት?»

«ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው? ሕንፃው ሁሉ የሚወዳት? እሷ ባለችበት ሊቀመንበሩን ማን ዞር ብሎ ያየዋል። ተያት።»

«ጎረቤታችን ሶሲስ? ባንክ ነው የምትሠራው።»

«በዚያ ጥፍሯ ፊርማ ራሱ መፈረም አትችልም።»

«ቢላልስ? ኤሌክትሪክ ይችላል። ፓምፑንም ከፍቶ አይቶታል።»

«እጁ ሁልጊዜ ግሪስ ነው። ከዚያ ጋር አብሬ ፎቶ ልነሳ?»

እንዳለች ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«አንተ ፓምፑን አይተኸዋል?»

«የሊቀመንበር ሥራ ማዘዝ ነው።»

«ምክትል ብትሆንስ? ያን ጊዜ ታየው ነበር?»

«እኔ? የማን ምክትል?» አለና ከልቡ ሳቀ።

ሐሙስ ዕለት ሀሚዳን ደረጃ ላይ አገኛት። ሁለት ጄሪካን ይዛ ከአንዲት ጎረቤት ጋር እያወራች ነበር። ሲያዩት ዝም አሉ። ሰላምም ሳይል አልፏቸው ወጣ።

«ከአሁኑ ፈሩኝ» አላት ለሚስቱ።

ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ቢላል ፓምፑ ሥር ተንበርክኳል። እንዳለች በስልኳ መብራት ታበራለታለች፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። የሆነ ነገር ይነጋገሩ ነበር። ሀብተ ማርያም ሲደርስ አቆሙ።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?» አለ ቢላል እጁን በሱሪው እየጠረገ።

ሚስቱን በእጁ ጠርቶ ወደ ደረጃው አለፈ። ቤት ሲገቡ በሩን ዘጋና «ምንድን ነው የሚልሽ?» አላት።

«ይችል እንደሆነ እየጠየቅኩት ነበር።»

«ምኑን?»

«ሥራውን።»

«አንቺ የዋህ ነሽ። ያ ልጅ ወንበሬን ነው የሚፈልገው። በአንቺ በኩል ሊገባ ነው።»

እንዳለች የልጁን ጡጦ የምታጥብበት ውሃ በኩባያ ለክታ ቀዳች።

ቅዳሜ ጠዋት ሀብተ ማርያም የሠርጉን ሱፍ ለበሰ። ቁልፉ አልገጠመለትም፣ ክፍቱን ተወው። ሚስቱ ቤት የለችም። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ይሆናል ብሎ አሰበ። ለምክትል የሚሆን ሰው ግን እስካሁን አላገኘም። ራሳቸው መጥተው ይለምኑኛል አለ በልቡ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወረደ። መዝጋቢው ጡረታ የወጡት መምህር አቶ አብዱልፈታህ ናቸው።

«ብቻዬን መዝግቡኝ» አላቸው። «ለኔ የሚመጥን ምክትል እዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሱፉን አዩት።

«እጩዋ እኮ ባለቤትዎ ናት፤ ጠዋት ቢላልን ምክትል አድርጋ ተመዘገበች» አሉት፤ «ስለ እርስዎም ‹ምክትል ላደርገው ሦስት ቀን ሙሉ አስቤበት ተውኩት› ብላለች።»