የጨጓራ ኪኒን

ዐብዲናሲር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከግቢው በር እስከ ውሃ በርሜሉ ይመላለሳል። የልብ ሐኪሞቹ ጫት ካስተዉት ወዲህ ከሰዓት በኋላው አላልቅ ብሎታል። እጁ የሚይዘውን፣ እግሩ የሚያርፍበትን አጥቷል።

«ድምፁን ልቀቀው፣ እኔም ልስማ» ትላለች ሚስቱ ዓናብ። በረንዳው ላይ ከታይዋን ገበያ የገዛችውን ሻንጣ ከፍታ ልብሱን ታጣጥፋለች። ነገ ጠዋት አብረው ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ ያደርገዋል።

የደወለችው የልብ ምስል ሊነሳ ቀጠሮ ከያዘበት ሆስፒታል አንዲት ነርስ ናት። ትሑት ናት፣ ግን ትቸኩላለች።

«አቶ ዐብዲናሲር፣ ጫት አቁመዋል አይደል?»

«ትቻለሁ፣ ዋላሂ።»

«የጉንፋን መድኃኒትስ ይወስዳሉ?»

«የለም።»

«ሐኪም ካዘዘልዎት የልብ መድኃኒት ሌላስ? ለጭንቀት፣ ለድብርት፣ ለእንቅልፍ የሚሆን?»

«የለም» ይላል። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰው።

«እንዴት የለም?» ዓናብ ከሻንጣው ቀና ትላለች። «እህቴ፣ የጨጓራ ኪኒን አለው! ማታ ማታ ነው የሚውጠው፣ ረስቶት ነው።»

«ስሙን ይነግሩኛል?»

«ቆይ፣ ካርቶኑን ላምጣው» ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች።

ኪኒኑ የጨጓራ አይደለም። ሐረር ያለ የአእምሮ ሐኪም ያዘዘለት ነው። ዐብዲናሲር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የዓናብ ታናሽ ወንድም ሽሬ ደግሞ ረዳቱ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለሱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለ። መኪናው ተገለበጠ፣ ሽሬ እዚያው ሞተ። ዐብዲናሲር ተርፎ ለቅሶው ላይ ተቀመጠ፤ እንባ ግን አልወጣውም። «ወንድሜን እንባ እንኳ ነፈግከው» አለችው ዓናብ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት የሽሬ ስም ተነስቶ አያውቅም።

ሌሊት ዓይኑን በከደነ ቁጥር የሚሰማው የብረት ድምፅ ነበር። ጭነት አለኝ ብሎ ሐረር ሄደ። ሰው ቢሰማ ጂን ይዞታል ይላል፤ ባለመኪናው ቢሰማ ቁልፉን ይቀበለዋል። ስለዚህ ኪኒኑን የጨጓራ አለው።

«አቶ ዐብዲናሲር፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ይህን ሁሉ የምጠይቅዎት ምርመራው እንዳይበላሽ ነው። በመርፌ የምንሰጥዎት ፈሳሽ ትንሽ ጨረር አለው። የልብ ነርቮች ሲወስዱት ካሜራችን ያየዋል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ግን ነርቮቹ እንዳይወስዱት ያግዱታል። ያን ጊዜ ደህና የሆነው ነርቭ የሞተ ይመስላል። ሐኪሞቹ ደረትዎ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ይቀበር አይቀበር ብለው ሲወስኑ ይህን ምስል ያያሉ፤ ለዚህ ነው።»

ከውስጥ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ይሰማል።

አውራ ጣቱ ቀዩ ምልክት ላይ ነው። ቢዘጋው ኔትወርክ ጠፋ ይላል፤ በዚህ አገር ማን ይጠራጠረዋል? ነገ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ መርፌውን ይወጋል፣ ካሜራው ሥር ይተኛል። ሐኪሞቹም ያልሞተውን ሞቷል ብለው ደረቱን ይከፍቱታል።

«እህቴ» ይላል፣ «የጨጓራ አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ነው የሚባለው። ለድብርት ነው።»

ሊያንሾካሽክ ነበር ያሰበው። ድምፁ ግን ጮኾ ይወጣል።

ዓናብ በሩ ላይ ቆማለች። ካርቶኑ እጇ ላይ ነው።

«የልብ ሐኪምዎ ያውቃሉ?» ትላለች ነርሷ።

«አያውቁም።»

«እንኳን ነገሩኝ። መድኃኒቱ ልብንም ስለሚነካ ማወቅ አለባቸው። እንግዲህ ነገ አይምጡ። በራስዎ ደግሞ እንዳያቆሙት፣ ድንገት ሲተዉት ይጎዳል። ሐኪሞቹ ተነጋግረው የሚሉትን እኔ ደውዬ እነግርዎታለሁ።»

ስልኩ ይዘጋል። ዐብዲናሲር እንደገና ወደ በርሜሉ ይራመዳል፣ ይመለሳል፣ ሚስቱን ሳያይ ያልፋል።

«ቁም» ትለዋለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አቦ ዓናብ፣ ተይኝ።»

«አልተውህም። ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሽሬ ወዲህ።»

ዓናብ ከበሩ ወጥታ ወደ እሱ ትቀርባለች።

«እኔ እኮ» ትላለች ዓናብ፣ «ውሃ ይዤልህ ስመጣ፣ ውጠህ ስትተኛ ሳይ፣ ይሄ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል እል ነበር። ለምን ዋሸኸኝ?»

«ወንድሜን ገደለ ትያለሽ ብዬ።»

ካርቶኑን በጣቶቿ ጨምድዳዋለች።

«ብያለሁ» ትላለች። «በሆዴ ብያለሁ። አንድ ቀን አይደለም።»

ይህን ቃል ስንት ዘመን ሲሸሸው ኖሯል፤ አሁን መጣ፤ እሱም እንደ ቆመ ነው። ዓናብም አልሄደችም።

«ሽሬ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ትጠይቀዋለች። «ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ሲቀልድብኝ ነበር» ይላል። «ቀስ ብዬ እየነዳሁ… ቀስ ስለምል ይናደድ አልነበር? ‘አቦ፣ አንተ ድሬ እስክታደርሰኝ ሙሽራዬ ታረጃለች’ አለኝ።»

ዓናብ ሳቅ ያመልጣታል። በሻሿ ጫፍ አፏን ትይዛለች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አይተውም። እሱም ትሳቅ ታልቅስ መለየት ያቅተዋል።

«ሙሽራዬ አለ?» ትላለች ከሻሿ ሥር። «ለእኔ ሳይነግረኝ? ማን ናት?»