የማንቆርቆሪያዋ ፉጨት

ኳየራችንን የምትመራው ደዝሊ የውድድሩን ፕሮግራም ወረቀት ታቀብለኛለች። «ግጥምና ዜማ፦ ደዝሊ ፕራይዝ» ይላል።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» እላታለሁ።

«የኔ ቆንጆ፣ መስመሩ ለሁለት ስም አልበቃም። ደግሞ ማን ጣዳት፣ ማን ረሳት ለሚል የማንቆርቆሪያ ዘፈን ማን ስም ይጠይቃል?» እጄ ላይ ወዳለው የመቃኛ ሹካ፣ ሲመቱት አንድ ድምፅ ወደሚሰጠው ብረት፣ ታያለች። «አንቺ መነሻውን ድምፅ መስጠት ብቻ አትርሺ።»

አልረሳም።

ወደ መድረኩ እንወጣለን፤ ሃያ ሁለት ሰው፣ ያለ ፒያኖ። ውጭ ከሚቃጠለው የሸንኮራ ማሳ አመድ በመስኮት ገብቶ የዳኛው ጠረጴዛ ላይ አርፏል። ከብሪዝበን የመጣው ዳኛ በጣቱ ጠርጎት ደወሉን ይመታል።

ሹካውን ጉልበቴ ላይ መትቼ ጆሮዬ ሥር እይዘዋለሁ። ሹካው የሚያውቀው «ላ»ን ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት እርከን ወርጄ «ፋ»ን ለኳየሩ ማንጎራጎር የሦስት ዓመት ሥራዬ ነው። ዛሬ አልወርድም። «ላ»ን እንዳለ እሰጣቸዋለሁ፤ ዘፈኑ በሙሉ ሁለት እርከን ከፍ ይላል።

«ግሌኒስ፣ ከፍ አላለም እንዴ?» ይለኛል ከኋላ ሬክስ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘፍነው።

«ዝፈን። ላንተ ይመችሃል።»

ይመቸዋል። የእያንዳንዱን ሰው የድምፅ ጣሪያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደብተሬ ላይ ስመዘግብ ቆይቻለሁ። በዚህ ከፍታም ሃያ አንዳችን እንደርሳለን።

«ማን ጣዳት፣ ማን ረሳት፣ የጣዳት ረሳት፣ የረሳት ጣዳት...» ቃሎቹ ይሽከረከራሉ፤ ሕዝቡ ይስቃል። ደዝሊም እጇን እያወዛወዘች ፈገግ ትላለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ፈገግታዋ ይቆማል። ታየኛለች። ማቋረጥ ግን አትችልም፤ ያቋረጠ ከውድድሩ ይወጣል።

መጨረሻው የማንቆርቆሪያዋ ፉጨት ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ከፍ ያለ ድምፅ፣ አራት ምት። ለራሴ የጻፍኩትን እሷ ወስዳዋለች።

ሁላችንም ዝም እንላለን። ደዝሊ ወደ ሕዝቡ ዞራ አፏን ትከፍታለች። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ምት። ሁለት። ማጅራቷ ይቀላል። ሲስቅ የነበረው ሕዝብ አሁንም ቀልድ መስሎት ይጠብቃል። ሦስት። የዳኛው እርሳስ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። ድምፁ ጉሮሮዬ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ፤ ጥርሴን እነክሳለሁ። አራት።

የመጨረሻዋን «ረሳት» አንድ ላይ እንዘጋለን።

ሹካውን ቀስ ብዬ ጉልበቴ ላይ እመታና ጆሮዬ ሥር እይዘዋለሁ። ያለ ፒያኖ ስንዘፍን ሁልጊዜ እየወረድን ነበር የምንጨርሰው። ዛሬ ከሹካው «ላ» ፀጉር ታህል አልወረድንም።