አራት ዙር ጠፍጣፋ መዳብ

የሰጃድ ሕይወት የተበላሸው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአንድ ሐሙስ ነው። ያን ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት ሲመለስ መሳቢያው ተከፍቶ፣ ንድፉ ጠፍቶ ጠበቀው።

ንድፉ የመኪና ባትሪ የሚሰጠውን ዐሥራ ሁለት ቮልት ወደ ሰማንያ አሳድጎ ለድምፅ ማጉያ ለሚያቀብል መሣሪያ የተሠራ ነበር። የላሆር ሰው መኪናው በሙዚቃ ካልተንቀጠቀጠ ሠርግ የሠረገ አይመስለውም፤ የሆል ሮድ የኤሌክትሮኒክስ ገበያም የሚኖረው በዚሁ ነው። ወር ሳይሞላ በዚያው ገበያ "ኡስታድ"፣ ማለትም ዋና ባለሙያ፣ የሚባለው ረምዛን ያንኑ መሣሪያ በገዛ ስሙ መሸጥ ጀመረ። ሰጃድ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ነው። ረምዛን ስሙን እንኳ በቅጡ አይጽፍም።

ሰጃድ ለገበያው ሽማግሌ ለሐጂ ገፉር አቤት ሲል ኖረ። ሐጂም "እስቲ እናየዋለን" ሲሉት ኖሩ።

በዚህ ሰኞ ግን ራሳቸው አስጠሩት።

ከሐጂ ሱቅ ጓዳ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሐጂ፣ ረምዛን፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ሰጃድ የማያውቀው ሰው። የሰውዬው የወተት ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዞ ቆዳ አብጅቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት፣ አንድ የጠቆረ ሣጥን አለ።

ረምዛን ሌላ ጊዜ ቢሆን "ኢንጂነር ሳሂብ፣ ዲግሪህ ስንት ቮልት ይሰጣል?" ይለው ነበር። ዛሬ ጫማውን ያያል።

"ይህ ሥራ የማን ነው?" አሉ ሐጂ።

ሰጃድ ሣጥኑን ሲያነሣ አፍንጫውን ያዘ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ረምዛን ማንም እንዳይገለብጥበት ውስጡን በሬንጅ ይደፍነዋል፤ ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው። የተሰረቀ ነገር በቆሻሻ ይቀበራል።

በቢላ ፋቀው። ሬንጁ ጥፍሩ ውስጥ ገባ። ከሥሩ መዳብ ብቅ አለ።

"ይቁጠሩ፣ ሐጂ። አራት ዙር። ሌላው ሽቦ ይጠመጥማል፤ ጠፍጣፋ መዳብ የጠመጠምኩ እኔ ነኝ።"

"ረምዛንም አስቦት ይሆናላ።"

"ይሄ? ይሄ ከሰው ካላየ ሚስማር አይመታም!" የባትሪው ገመድ የሚገባበትን አሳየ። "እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ፊውዝ ያደርጋል፤ ጉልበት ሲበዛ እንዲቆርጥ። እኔ አወጣሁት። ፊውዝ ጉልበት ይበላል። በኔ ሥራ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ይህ ሌባ ለምን እንዳወጣሁት እንኳ ሳይገባው ነው የገለበጠው።"

በሩ አጠገብ ያለው ሰው ቀና አለ።

"እርግጠኛ ነህ፣ ልጄ?" አሉ ሐጂ። "ረምዛን ምንም አልጨመረበትም?"

"አንዲት ብሎን አልጨመረም።"

"ረምዛን?"

"የሱ ነው" አለ ረምዛን ቀስ ብሎ። "ወላሂ፣ ሁሉም የሱ ነው። ሰርቄዋለሁ።"

ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው ነበር። ሰጃድ ግን ደስታ አልተሰማውም። ከጥፍሩ ሬንጅ እስከ ሐጂ ሻይ፣ ገበያው በሙሉ አስጠላው።

"ይጻፍልኝ" አለ።

ወረቀቱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። "ይህን መሣሪያ ያለ ማንም እርዳታ የነደፍኩት እኔ ነኝ" ይላል፤ የቀረው የስም ቦታ ብቻ ነው። ሰጃድ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነዲግሪው ጻፈ፤ ፈረመ።

ሐጂ ወረቀቱን በሩ አጠገብ ላለው ሰው አቀበሉት። ሰውዬው አነበበው፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያው ኪስ እሳት ያቀለጠው የመስተዋት አምባር አውጥቶ ሣጥኑ ላይ አኖረ።

"በተቃጠለው መኪና ውስጥ የነበረችው ሙሽራ ልጄ ነበረች" አለ። "ፊውዙን ለምን አወጣኸው? መልስልኝ።"