ምንም ለማያውቅ ሰው

አለቃው በሩን ራሳቸው ዘጉት። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲያደርጉ አይቷቸው አያውቅም።

«መመሪያ ጻፍልኝ» አሉት። «ስለ ፍሬምወርካችን፣ ምንም ለማያውቅ ሰው። አንብቦት ብቻውን ድረ ገጽ መሥራት እስኪችል ድረስ።»

መሥሪያ ቤቱ የሚሠራቸው ድረ ገጾች በሙሉ የቆሙት በዚያ ፍሬምወርክ፣ በዚያ የኮድ መሠረት ላይ ነው። ከመሠረቱ የገነባው ደግሞ እሱ ነው፤ ውስጡን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ባልደረቦቹ «ሊቁ» የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ፍርሃት።

«ለማን ነው?» አለ ሊቁ።

«ጊዜው ሲደርስ ታውቃለህ።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከእህቷ ቤት ገና መመለሷ ነበር። የምትሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ከሰዓቱን እዚያ ነው የምታሳልፈው፤ ልብስ ስፌት አግዛታለሁ ትላለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«መቃብሬን በገዛ እጄ እንድቆፍር ታዘዝኩ» አላት።

«ሰው ማስተማር መቃብር መቆፈር ነው እንዴ?» አለች። «ምናልባት ጥሩ ሰው ይሆናል።»

«ጥሩም ቢሆን ወንበሩ አንድ ነው።»

መጻፉን ያዘ። አንድ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር ለአለቃው ይልካል፤ በማግስቱ የጀማሪው ጥያቄዎች በእሳቸው ኢሜይል በኩል፣ ያለ ስም ይመጡለታል። መጀመሪያ የሕፃን ጥያቄ ነበሩ። «ሰርቨር ማለት ዕቃው ነው ወይስ ፕሮግራሙ?» ሊቁ ፈገግ አለ። በሦስተኛው ሳምንት የመጣው ግን ወንበሩ ላይ አደረቀው፦ «ይህ ፋይልና ያኛው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። አንዱ ለምን አይቀርም?»

ልክ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ራሱ ያላየው ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ጀማሪው በዓይነ ህሊናው ይመጣበት ጀመር፦ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጣቱ የፈጠነ፣ በእሱ ወንበር ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ። የአለቃው ሰላምታ ያጠረ መሰለው። አንድ ጠዋት ሲገባ ከጎኑ ባዶ ጠረጴዛ ገብቶ አገኘ። ምክንያቱን የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

ዘጠነኛው ምዕራፍ ስለ ዳታቤዝ፣ መረጃው ሁሉ ስለሚቀመጥበት ቋት ነበር። ዳታቤዙን የሚያድሰው ትዕዛዝ የነበረውን ጠራርጎ አጥፍቶ ነው የሚያድሰው። ስለዚህ ሊቁ «በመጀመሪያ ቅጂ አስቀምጥ» ብሎ ጽፎ ነበር። መስመሯን አፍጥጦ አያት። ከዚያ ሰረዛት።

አልዋሸሁም አለ ለራሱ። ዝም ነው ያልኩት።

ጀማሪው በመመሪያው ብቻ ድረ ገጽ የሚሠራበት ፈተና ሐሙስ ጠዋት፣ ምድር ቤት ባለው ክፍል ተሰጠ። ሊቁ ከሦስተኛ ፎቅ አልወረደም። ስምንት ሰዓት ላይ አለቃው ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«አልሆነም» አሉ። «ለፈተና ያቀረብነው መረጃ በሙሉ ድራሹ ጠፋ። እንዲህ የሚቸኩል ሰው የደንበኛ ሥራ አይነካም። ሐሳቡ ይቅር ብያለሁ።»

«ያሳዝናል» አለ ሊቁ።

«የሚያሳዝነውስ ለአንተ ነው። ረዳት ልሰጥህ ነበር። ሁሉን ብቻህን ተሸክመህ አንድ ቀን ትወድቅብኛለህ ብዬ ሰግቼ ነው።»

ባዶውን ጠረጴዛ ዳበስ አድርገው ወጡ።

ሊቁ የማላውቀው ሰው ነው ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት ያለው ሰው ሌላ ቦታ ሥራ አያጣም። ሰዓቱ ሳይደርስ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ የክት ልብሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የት ውለሽ ነው?»

«እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው የደበቅኩህ» አለች ቀና ሳትል። «የማን ሚስት እንደሆንኩም አልነገርኳቸውም። ግን ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ፣ ልክ አንተ እንዳልከው ነው ያደረግኩት።»