የቅዱሱ ጠላት

የካቶሊኮቹ ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒውተር ኮሌጁ ጠባቂ ቅዱስ የሰጠው ዘንድሮ ነው። ሐውልቱ መጥቶ ከመግቢያው ደረጃ ላይ ተተከለ። መጽሐፍ ታቅፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ አርፍዶ የሚመጣ ተማሪ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ቆመ።

የኮሌጁ ኃላፊ አባ ለቅዱሱ ጸሎት ደረሱለት። በወጣትነታቸው ግጥም ይሞክሩ ነበር ይባላል፤ ያን ጊዜ እምቢ ያለው ግጥም በስተርጅና እሺ አላቸው። በየማለዳው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ተማሪው፣ መምህሩ፣ ጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር ሐውልቱ ፊት ይሰለፋል። አባ ያወርዳሉ፣ ሌላው ይቀበላል።

የማይቆም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሽቦ። ሽቦ ያሉት ክሳቱንም ሥራውንም አይተው ነው። ምላሱ ግን ምላጭ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከእግዜር ጋር ተኳርፏል። ጸሎት ሊጀመር ሲል ጄኔሬተር ቤት ይገባና ሞተሩን ያስነሳል፤ እዚያ ውስጥ መድፍ ቢተኮስም አይሰማም።

«መብራት ሳይፈጠር የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ኮምፒውተር የሚጠብቀው?» አለ አንድ ቀን፣ ሲስተር እየሰሙት።

ሲስተር የፈተና ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ቂም ያስገባሉ እንጂ አያወጡም። ይቺንም አስገቧት።

ሽቦ አንዲት ልጅ አለችው፤ እዚያው ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የሠራተኛ ልጅ በነፃ ይማራል። አባት ከሥራ ከወጣ ልጅም ትወጣለች። ይህን ስለምታውቅ ትለምነዋለች።

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ቁምላቸው። ጸሎቱን እኔ አስጠናሃለሁ፣ አጭር ናት።»

«ጆሮዬ አይስማት! አንቺም እቤቴ እንዳታነበንቢያት።»

«ግትር!»

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

የማጠቃለያው ፈተና ሊሰጥ ሲል ጥያቄው በተማሪው ሁሉ ስልክ ላይ ተገኘ። ጥያቄው የነበረው አባ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። አባ ደግሞ ቢሯቸውን አይቆልፉም፤ በእግዚአብሔር ቤት ቁልፍ ምን ይሠራል ባይ ናቸው። ሽቦ ተጠርቶ ኮምፒውተሩን መረመረና ቀና አለ።

«ተሰብሮ ነው የተገባው?» አሉ ሲስተር።

«ምን ሰባሪ አለ? ፓስወርዱን አስገብቶ፣ አንዴ እንኳ ሳይሳሳት፣ ተመቻችቶ ነው የገባው። የባለቤት አገባብ ነው።»

«አያችሁልኝ! አገባቡን ሳይቀር ያውቀዋል።»

«ሥራዬ ነዋ! ሐኪም በሽታውን ስላወቀ እሱ ነው ያሳመመው?»

ሲስተር ወደ አባ ዞሩ። «አባ፣ የይለፍ ቃሉን ለሰው ነግረዋል?»

አባ ደረታቸውን ነፉ። «ለሥጋ ለባሽ ተናግሬ አላውቅም። ደግሞስ እንደ ሰዉ የልደት ቀን፣ የእናት ስም መሰለዎት እንዴ? ይሄን ያህል ነው የሚረዝመው! ከእኔና ከቅዱሱ በቀር የሚያውቀው የለም።»

«እንግዲያው ቅዱሱን ጠይቋቸዋ» አለ ሽቦ።

ሲስተር ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ።

«ልጅህ ተፈታኝ ናት። ማሽኖቹን ስትነካካ የምትውለው አንተ ነህ። ከዚህ ሁሉ ሰው ቅዱሱ ፊት የማይቆመው አንተ ብቻ ነህ። ንጹሕ ሰው ከጸሎት ምን ያሸሸዋል?»

«ጸሎት አለመቆም ስርቆት ነው?»

«የስርቆት ታላቅ ወንድም ነው!»

«ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀማችሁ ነው።»

አባ እጃቸውን አነሡ። እሳቸው እንኳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲንበረከክላቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ። «ና፣ ሐውልቱ ፊት ውረድና ጸሎቱን ድገም። አንድም ሳትገድፍ ካደረስከው እንምርሃለን።»

«አላውቀውም።»

«ምን አልከኝ?»

«አላውቀውም አልኩ። አንዲት ቃሉን አላውቅም።»

ሲስተር አጨበጨቡ። «ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል! ሕፃን የያዘውን! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

ያኔ ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ፣ እኔን አባሩኝ። ልጄን ተዉልኝ። ልትጨርስ ምንም አልቀራት።»

«ደንብ ደንብ ነው» አሉ ሲስተር። «ከአባቷ ጋር የመጣች ከአባቷ ጋር ትወጣለች።»

ሽቦ የመፍቻ ቦርሳውን አንግቦ ደረጃውን ወረደ። ልጁ መጻሕፍቷን ታቅፋ ከኋላው መጣች። የክፍል ጓደኞቿ በመስኮት ያዩአታል፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ሰበሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ክንዱን ያዘችው።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለእኔ ብለህ ነው?»

ሽቦ ክንዱን አስለቅቆ መንገዱን ቀጠለ።

ላይ፣ አባ ቢሮ ውስጥ፣ ሲስተር በእፎይታ ተነፈሱ። በሩን ይዘው ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«አባ፣ አሁን እንኳ የይለፍ ቃሉን ቢለውጡት ምናለ?»

«ሌባው ከወጣ በኋላ? ምን በወጣኝ!» አሉ አባ። አዲሱን ፈተና ሊያዘጋጁ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። ማሽኑ ቃሉን ጠየቃቸው። ሲጽፉ ድምፅ ማሰማት ልማዳቸው ነው።

«ጥበብን ሁሉ በመጽሐፍ የሰበሰብህ አባታችን ሆይ» እያሉ ቁልፎቹን በአንድ ጣት ለቀሙ፤ ሲስተርም በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ሳያስቡት፣ እንደየማለዳው ተቀበሉ፦ «እጃችንን ከስሕተት፣ ዓይናችንን ከክፉ ጠብቅልን።»