ከገዳሪፍ የመጣው አጽም

በዕውቀቱ የሚባለው ሰው ዘመሮ የገባው ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከአውቶቡስ እንደወረደ የወይዘሮ አያልነሽን ቤት ጠየቀ። ትከሻው ላይ በአቡጀዲ የተጠቀለለ የእንጨት ሳጥን ነበር።

ወይዘሮ አያልነሽ ደጃፋቸው ላይ ሱፍ እየፈተሉ ነበር።

«እናቴ፣ እምሩን ይዤልዎት መጥቻለሁ» አለ ሰውዬው፣ ሳጥኑን ቀስ አድርጎ መሬት እያስነካ።

እንዝርቱን አስቀመጡ። አልጮሁም፤ ደረታቸውንም አልደቁም። ሳጥኑን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና፣

«ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበረው?» አሉ።

«እኔ ነበርኩ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ወባ ጣለው። አገር ሰላም ሲሆን ዘመሮ፣ ወይዘሮ አያልነሽ ቤት አድርሰኝ አለኝ፤ ማልኩለት።»

«በማን ስም ቀበራችሁት?»

«በራሱ ነዋ! እምሩ ብለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ታናሽየው ልጅ ምንይሉ ከአጨዳ ተጠርቶ ሲደርስ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ወንድሙ እምሩ የጠፋው በቀይ ሽብሩ ክረምት ነው። ምንይሉ ያን ክረምት በልጅነቱ ዓለም ከተማ፣ አጎቱ ዘንድ ነበር። ሲመለስ እናቱ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው «ወንድምህ ሱዳን ተሻግሯል፤ ለሰው እንዳታወራ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ወሬው እንኳ አልመጣም። መንግሥት ከተለወጠ ጀምሮ ግን ምንይሉ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር የመንገደኛውን ሁሉ ፊት ሳያይ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር።

አልቅሶ ሲወጣለት እንግዳው አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ስለ እኔ ምን ይል ነበር?»

በዕውቀቱ ጠላውን አስቀመጠ። «ወንድም አለኝ ሲል እንኳ አልሰማሁም።»

«ስለ አገሩ እያነሳ አያንጎራጉርም ነበር?»

«እምሩ? ኧረ እሱ ዘፈን የት ያውቅና! ድምፁን ባወጣ ቁጥር እንስቅበት ነበር።»

እምሩ ያልዘፈነበት ሰርግ አይሞቅም ይባል ነበር፤ ከቀየት ድረስ መጥተው የሚወስዱት ሰው ነበር።

ምንይሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ለጎረቤቱ ለገሠሠ ነገረው። «ይሄ ሰው ወንድሜን አያውቀውም።»

ገሠሠ ዞር ዞር ብሎ አየ። «የማንንም አጥንት ተሸክሞ በየለቅሶው የሚበላ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ወይም ደግሞ… ራሱ ገድሎት እንዳይሆን። ለባዳ ይህን ያህል አገር የሚደክም ማን አለ? ደም ያለበት ካልሆነ።»

ነገሩ ምንይሉን እንደ እሾህ ወጋው። እናቱን ከሴቶቹ መሃል ጠራቸው።

«እማዬ፣ ሳጥኑን ከፍተን እንየው።»

«አጥንት ምን ይታያል? ነገ ከአባትህ ጎን ይቀበራል።»

«ማንነቱን ሳናውቅ? ከአባቴ ጎን?»

«ምንይሉ፣ እንግዳዬን አታስከፋብኝ» አሉና ተመለሱ።

ይሄ ደግሞ አባሰበት። ጥርሷን ሳያዩ በግ የማይገዙ ሴት የልጃቸውን አጽም ሳያዩ ተቀበሉ። «አዙሮባቸዋል» አለ በሆዱ፤ «ሰውዬው በሆነ ነገር አዙሮባቸዋል።»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ መምሬ ኪዳነ ወልድ አጽሙን በአዲስ ነጠላ ሊጠቀልሉ ሳጥኑን ከፈቱ። ምንይሉ ላግዝዎት ብሎ ጠጋ አለ። የእግሩን አጥንቶች ፈለገ። እምሩ ጎረምሳ ሳለ ከፈረስ ወድቆ ግራ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻው አጣሞ ስለገጠመው እስከጠፋበት ቀን ድረስ ያነክስ ነበር።

ሁለቱም ቅልጥሞች እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

«መምሬ፣ የእምሩን እግር ያስታውሳሉ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ?»

«ታዲያ ይሄ ተሰብሮ የሚያውቅ አጥንት ነው?»

መምሬ ተቀብለው አገላበጡት። አማተቡ።

ምንይሉ በንዴት ዘሎ ተነሣ። የበዕውቀቱን ኮት ጨምድዶ ያዘ። «ወንድሜ የት ነው? የማንን አጥንት ነው ያመጣህብን?»

«በመድኃኔ ዓለም!» አለ በዕውቀቱ፤ አልታገለውም። «ዓይኑን በዚህ እጄ ነው የከደንኩት። ሌላ እምሩ አላውቅም!»

ለቀስተኛው ተንጫጫ። ገሠሠ ዱላውን አነሣ። ያን ጊዜ ግን የምንይሉ እጅ በራሱ ላላ። ንዴቱን ሌላ ሐሳብ ቀደመው፤ አጽሙ የእምሩ ካልሆነ፣ እምሩ አልሞተም። ለዚህ ሁሉ ዓመት በየአውቶቡሱ ደጃፍ ሲፈልገው የኖረው ሰው የሆነ ቦታ ቆሞ ይሄድ ነበር፤ እያነከሰ።

ወይዘሮ አያልነሽ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። ዱላውን በእጃቸው ዝቅ አደረጉ፤ ለበዕውቀቱ ኮቱን አስተካከሉለት። ከዚያ ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ሰው ወደማይሰማበት፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ወሰዱት።

ምንይሉ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። «እማዬ፣ እልል በይ እንጂ! እምሩ አልሞተም! አለ! በሕይወት አለ!»

እናቱ አፉን በመዳፋቸው ያዙት።

«ወንድምህን ያን ክረምት በስውር፣ በእነዚህ እጆቼ ቀብሬዋለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የእምሩን ስም ሰጥቼ ያሸሸሁት ጓደኛው ነው፤ እናት የለውም።»