ከዝርዝሩ የጎደሉት

የወረዳው ፕሮግራመር የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችን ዝርዝር መዝገቡ ካለበት የኮምፒውተር ፋይል፣ ከኤክስኤምኤሉ፣ ለአምስተኛ ጊዜ አወጣች። አጠገቧ የተቀመጡት የወይዘሮ የሻረግ ስም አሁንም የለም። ዛሬ ስሙ ያልተለጠፈ ሰው ደግሞ ቤቱን ይለቃል።

«እማማ፣ መዝገቡ ላይ አሉ፤ ፕሮግራሙ ነው የሉም የሚለው።»

«አጠገብሽ ተቀምጬ? መነጽር ግዢለት እንጂ!»

ፕሮግራመሯ በንዴት ጠረጴዛውን መታ አድርጋ ኮዷን መስመር በመስመር አነበበች። ለካስ ፕሮግራሙ በሥሩ ልጅ ያልተመዘገበበትን ቤተሰብ ጭራሽ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። አንዲት መስመር አስተካከለች። አርባ አንድ ስሞች ተጨመሩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ፣ ስክሪኑ ላይ ስማቸውን በጣታቸው እየነኩ።

«የኔ ጥፋት ነው፣ እማማ።»

ከተጨመሩት መካከል፣ ከእሳቸው ስም ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ የራሷና የባሏ ስም ነበር። ዝርዝሩን አተመችና ከሚለጠፉት ወረቀቶች ላይ አስቀመጠችው።